ዝምታም ንግግር ነው
ስለ ሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ የተሰጡ ሁለት ፍርዶች

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» እያሉ ለፍርድ ያላቸውን ክብር ሲገልጹ ኖረዋል። ነገር ግን ፍርዱ ራሱ የተሳሳተ እንደ ሆነ ምን ይደረጋል? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ነገሩ የሆነው በአሜሪካ አገር ነው፤ ባለጉዳዮቹ ግን እንደ እኛው ተማሪዎች ስለ ነበሩ ታሪኩ እኛንም ይመለከተናል። ዘመኑን የቆጠርነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1935 ዓ.ም. በፔንሲልቫኒያ ግዛት በሚነርስቪል ከተማ አንዲት የ12 ዓመት ልጅና የ10 ዓመት ወንድሟ ለሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ አንሰጥም በማለታቸው ከትምህርት ቤት ተባረሩ። ጎቢቲስ የተባለው ቤተ ሰባቸው የይሖዋ ምስክሮች ከሚባለው የሃይማኖት ክፍል ነበረ። ልጆቹ እምቢ ያሉት አገራቸውን ጠልተው ሳይሆን፣ በኦሪት ዘጸአት ለምስል መስገድን የሚከለክለው ትእዛዝ ለሰንደቅ ዓላማም ይሠራል ብለው ስላመኑ ነው። የሲድራቅን፣ የሚሳቅንና የአብደናጎን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለው እምቢታ እንግዳ አይሆንበትም።

አባታቸው ከሰሰና በሥር ፍርድ ቤቶች ረታ። የትምህርት ቤቱ ቦርድ ግን ይግባኝ ስላለ ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1940 ዓ.ም. ዘጠኙ ዳኞች 8 ለ1 በሆነ ድምፅ በልጆቹ ላይ ፈረዱ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ፊሊክስ ፍራንክፈርተር የአገር አንድነት የደኅንነት መሠረት መሆኑን ካስረዱ በኋላ፣ አንድነትን በምን መንገድ ማስተማር እንደሚገባ የሚወስኑት የትምህርት ባለሥልጣኖች እንጂ ዳኞች አለመሆናቸውን ገለጹ። እኒህ ሰው በልጅነታቸው ከቪየና የመጡ የአይሁድ ተወላጅ ነበሩ፤ አውሮፓም ያን ጊዜ በጦርነት እሳት ትነድ ነበር። ስለዚህ ክርክራቸውን እንደ ቀላል ነገር ልንንቀው አይገባም። ብቻቸውን የተቃወሙት ዳኛ ሃርላን ስቶን ነበሩ።

ከፍርዱ በኋላ የሆነው ነገር ግን ያሳዝናል። በልዩ ልዩ ከተሞች ሕዝብ በይሖዋ ምስክሮች ላይ ተነሣ፤ በሜይን ግዛት በኬኔበንክ ከተማ የመሰብሰቢያ አዳራሻቸው ተቃጠለ። በ1942 ዓ.ም. ደግሞ የዌስት ቨርጂኒያ የትምህርት ቦርድ ሰላምታውን ግዴታ አደረገ። እምቢ ያለ ተማሪ ይባረራል፤ ወላጁም እስከ 50 ዶላር መቀጫና እስከ 30 ቀን እሥራት ሊፈረድበት ይችል ነበር። በዚህ ምክንያት ባርኔት የተባለው ቤተ ሰብና ሌሎችም ከሰሱ።

ጁን 14 ቀን 1943 ዓ.ም. የአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ በሚከበርበት ዕለት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ የቀድሞ ፍርዱን ሻረ። በሦስት ዓመት ውስጥ ምን ተለወጠ? ሁለት አዳዲስ ዳኞች ገብተው ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ብላክ፣ ዳግላስና መርፊ የተባሉት ሦስት ዳኞች በ1940 ዓ.ም. የተስማሙበት ፍርድ ስሕተት መሆኑን በ1942 ዓ.ም. በሌላ ጉዳይ ላይ በጽሑፍ አስታውቀው ነበር።

አዲሱን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ሮበርት ጃክሰን፣ ሰላምታ መስጠት ሐሳብን የመግለጽ ሥራ ስለ ሆነ መንግሥት አንድን ሰው የማያምንበትን ነገር እንዲናገር ሊያስገድደው እንደማይችል አስረዱ። ማንም ባለሥልጣን፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ በአገር ፍቅርም ሆነ በሃይማኖት ረገድ የሰውን እምነት ሊወስንለት አይችልም፤ እንዲህ ያለውም መብት በብዙኃን ድምፅ የሚሻር አይደለም አሉ። ይህ ሁሉ የተጻፈው አሜሪካ ራሷ በጦርነት ላይ በነበረችበት ጊዜ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ጃክሰን ከጦርነቱ በኋላ በኑረምበርግ የናዚ ሹማምንትን ከከሰሱት ዐቃብያነ ሕግ አንዱ ሆኑ።

እኛ በየማለዳው ሰንደቅ ዓላማችን ሲሰቀል በደስታ እንቆማለን። በፍርሃት የቆመና በፍቅር የቆመ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ አገርን በችግሯ ቀን የሚጠብቃት ግን በፍቅር የቆመው ነው። አጠገባችን ያለው ጓደኛችን ዝም ቢል፣ ከመፍረዳችን አስቀድሞ ምክንያቱን እንጠይቀው።

ከመካከላችን ነገ ዳኛ፣ አስተማሪ ወይም ሹም የሚሆን ይኖራል። የፈረደው ፍርድ ንጹሕ ሰው መጉዳቱን በተረዳ ጊዜ፣ ክብሬ ይነካል ብሎ ከመደበቅ ይልቅ እነዚያን ሦስት ዳኞች ያስታውስ።