ቀላድና አሥራት
በዘውዱ ሥርዓት ዘመን የኢትዮጵያ ገበሬ የሚከፍለው ግብር እንደ መሬቱ ሥሪት ይለያይ ነበር። በጎጃም፣ በበጌምድርና በትግራይ ገበሬው አጽመ ርስቱን ከዘመዶቹ ጋር ተካፍሎ ያርሳል፤ ግብሩን ለባለጉልቱ፣ ለመኳንንት ወይም ለቤተ ክርስቲያን፣ ያገባል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በተያዙት የደቡብ አገሮች ግን ብዙው መሬት በቀላድ፣ በመለኪያ ገመድ፣ እየተለካ በጋሻ ተሸነሸነ፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። ነባሩ ባላገርም የሹምና የወታደር ገባር ሆነ። እህልና ማር ማቅረቡ ሳያንስ የሹሙን ሁዳድ ያርሳል፣ አጥር ያጥራል፣ ዕቃ ይሸከማል፤ ሚስቱም እህል ትፈጫለች።

ምኒልክ በ1880ዎቹ አሥራትን፣ የምርቱን አንድ አሥረኛ፣ የደነገጉት ወታደሩ በገበሬው ቤት እየሰፈረ መቀለቡን ለማስቀረት ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ገበሬውን አስጨነቀው። የአሥራቱ ገማች እስኪመጣ ድረስ እህሉ ዝናብና ምስጥ እየፈራ ይቆያል፤ ከተገመተም በኋላ ወደ መንግሥት ጎተራ የሚያጓጉዘው ራሱ ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ግብሩ በገንዘብ ተተመነ። በ1937 በወጣው አዋጅ መሠረት ለም መሬት በጋሻ 50 ብር፣ ለም ጠፍ 40፣ ጠፍ 15 ብር ይከፈልበት ነበር፤ ከ50ው ብር 35ቱ የአሥራት ምትክ ነበር። ከባዱ በደል የገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። ባለመሬቱ ለመንግሥት የተቆረጠውን ብር እየከፈለ፣ መሬቱን ተከራይቶ ከሚያርሰው ጭሰኛ ግን የምርቱን አሥረኛ በእህል መቀበሉን አልተወም፤ ያውም ለመሬቱ ኪራይ ከሚወስደው እርቦ፣ ሲሶ ወይም እኩሌታ በላይ። እህል በተወደደ ቁጥር ልዩነቱ ወደ ባለመሬቱ ጎተራ ገባ። ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ ከዚህ ተመን ውጭ ሆነው በቀድሞው ግብራቸው ቀጠሉ፤ ጎጃም ቀድሞ በ1934 የወጣውን የግብር አዋጅም አልቀበልም ብሎ ነበር።

በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አሥራትን ሻረ። እያንዳንዱ በገቢው ልክ ይክፈል ማለቱ ከቀደሙት ሁሉ የተሻለ ፍትሕ ነበረው። ነገር ግን ገቢ የሚታወቀው በግምት ነው፤ ለጎጃም ገበሬ ደግሞ ገማች ቀላድን የሚያስከትል፣ ቀላድም ርስትን የሚነቅል ነው። በዚያው ዓመት በጎጃም አመፅ ተነሣ፤ መንግሥት አውሮፕላን ልኮ ደበደበ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከቦታው ተነሡ፤ አዲሱ ግብር በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ፤ ውዝፉም ተማረ። ጭሰኝነት ራሱ ግን የተሻረው ቆይቶ፣ በየካቲት 1967 በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።