ጀሶው ከወለቀ በኋላ

አፄ ምኒልክ ክተት አውጀው የሸዋ ጦር በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ወረይሉ ላይ እንዲያገኛቸው አዘዙ። ከዚያ እስከ አድዋ ያለውን አገር አብዛኛው ሰው የጨረሰው በእግሩ ነው። ያው ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ሮንትገን የሚባል ጀርመናዊ ዛሬ ራጅ የምንለውን ጨረር አገኘ። በዚያው በ1895 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ሻምፒዮኒየር የተባለ ቀዶ ሐኪም፣ ስብራት በማሸትና በማንቀሳቀስ ይታከም ብሎ የሚሟገት መጽሐፍ አሳተመ። በጊዜው ብዙው ሐኪም የተሰበረን እግር አስሮ ማስተኛት እንጂ መነካካት አይወድም ነበርና ነገሩ አከራከረ።

በጊዜው ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ለነበሩት ወጌሾች ይህን ክርክር ቢነግሯቸው ኖሮ የሚስቁ ይመስለኛል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ብሎ የሚተርት አገር የእግሩን በምን እንደሚያሽ ካወቀ ቆይቷል።

እኔ ድሬሰር ነበርኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ቁስል ሳጥብና መርፌ ስወጋ ኖሬያለሁ። የአባቴ አባት ግን ወጌሻ ነበር፤ ቤቱ ከደንቆሮ ጫካ ግርጌ፣ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ከሚባለው አጠገብ። ስለዚህ አዳላለሁ። ለየትኛው ሙያ እንደማዳላ አንባቢ ይፍረድ።

ወደ እሱ የሚመጣው ገደል የጣለው፣ በቅሎ ያሽቀነጠረችው፣ ከዓባይ በረሃ ሽቅብ ሲወጣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ነው። አያቴ በሽተኛውን መደብ ላይ ያስቀምጥና የበሬ ዋጋ ይጠይቀዋል። ዋጋው ጉዳዩ አይደለም፤ ሰውዬው መልስ ሲያስብ አውራ ጣቱ ስብራቱን ያገኘዋል። ይስባል፣ ያገጣጥማል፣ በባዘቶ ይሸፍናል፣ ስንጥቅ ቀርከሃ ዙሪያውን ደርድሮ በጨርቅ ያስራል። ስለ ወጌሻ ሲወራ ሁሉም የሚያወራው ይህን ነው። ለእኔ ግን ዋናው ሥራ እስሩ ከተፈታ በኋላ ያለው ነበር።

የተፈታ እግር የሌላ ሰው እግር ነው የሚመስለው። ባቱ ከስቷል፣ ቁርጭምጭሚቱ ደርቋል፣ ጣቶቹ አብጠዋል። አያቴ በሞቀ ውሃ ያጥበውና ጨው ያልነካው ቅቤ መዳፉ ላይ አሙቆ ከጣት ወደ ጉልበት ያሻል፤ ሁልጊዜ ሽቅብ። እኛ ልጆች ስናግዘው ቁልቁል ካሸን ይቆጣል። ለምን ስንለው «ውሃው ወደ ቤቱ ይመለስ» ይላል። በኋላ ሥልጠና ላይ እብጠትን ወደ ልብ አቅጣጫ መግፋት ተብሎ የተማርኩት ይኸው ነበር። አሽቶ ሲጨርስ ግን አያስተኛም። ዱላ አስይዞ መጀመሪያ እስከ ደጁ፣ ሲበረታ እስከ ምንጩ፣ ከዚያም እስከ ገበያው ያስኬደዋል። አንዲት እናት «አባቴ፣ ልጄ ይሄድልኝ ይሆን?» ስትለው «እኔ አለሰልሰዋለሁ፤ መሄዱ የእሱ ነው» ሲላት ሰምቻለሁ። እውነቱን ነው፤ ማሸት ሕመሙንና እብጠቱን ያስታግሳል እንጂ የከሳን ባት የሚመልሰው መርገጥ ነው።

አገሩ ወሎ ነውና ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እዚያው መደብ ላይ ይቀመጣል። በሥጋ የሚለያይ ሰው በቅቤ አይለያይም። በዓቢይ ጾም እንኳ አይበላም እንጂ ይታሽበት ነበር። አያቴ ዋጋ አይቆርጥም፤ ያለው ቡና፣ የሌለው ምርቃት ይሰጣል። አያቴ ምርቃቱን ይመርጥ ነበር ብዬ ግን አልዋሽም።

በአውሮፓ የተማረ ሐኪምማ ከእኛ ወደ ሰሜን ባለው ደጋ ላይ ቀደም ብሎም ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ዶክተር ሄንሪ ብላንክ ከ1866 እስከ 1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ እስረኛ ሆኖ ኖሯል፤ ያውም እግሩ በብረት ታስሮ። የእንግሊዝ ጦር መጣ፣ እሱም ተፈታ። ከአድዋ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ መጡ፤ በ1910 እ.ኤ.አ. የምኒልክ ሆስፒታል ተከፈተ። ይህ ሁሉ ያኔ ከመካነ ሰላም የቀናት መንገድ ነበር። ስብራት ደግሞ ቀን አይጠብቅም።

የወጌሻን ጥፋትም አልሸፍንም። እስሩ ከጠበቀ ደም ይቋረጣል፣ እግር ይሞታል። ጣቱ የጠቆረ ልጅ በቃሬዛ ሲመጣ ያየ ሰው ሽታውን አይረሳም። በ2005 እ.ኤ.አ. አንድ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም ባሳተመው ጽሑፍ፣ ለወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጠው እግር መቀነሱን አሳይቷል። አንድ ቀን! ሙያውን ከመስደብ ይልቅ እንዲህ ማድረግ እንዴት ቀላል ነበር።

ዛሬ ራጅ አለ፣ ጀሶ አለ፣ ከበድ ያለ ሲሆን በአቀስታና በካቤ አድርጎ ደሴ ይኬዳል። ማገጣጠሙን ሆስፒታል ወሰደ፤ ይውሰድ፣ ይገባዋል። እሽቱን ግን የወሰደው የለም። እንግሊዝ ውስጥ በ1894 እ.ኤ.አ. የአሺዎች ማኅበር ያቋቋሙ ነርሶች ሙያቸው አድጎ ፊዚዮቴራፒ ሆነላቸው። በእኛም አገር ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስት ያስመርቃል፤ ከገጠር ቀበሌ ግን ሩቅ ነው።  ስለዚህ የእኛ ሰው ጀሶው ከወለቀ በኋላ «እግርህን አንቀሳቅስ» ተብሎ ይመለሳል፤ እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ የሚያሳየው አጥቶ ወደ ወጌሻ ይሄዳል።

ከቤተሰባችን ሙያውን የያዘው የአጎቴ ልጅ ነው። ራጁን ወደ ፀሐይ አንስቶ ያያል፤ ከተጠራጠረ በሽተኞቹን ወደ እኔ ይልካል። እኔ ባታቸውን እዳስሳለሁ። አብጦ የሚያተኩስና ሲጫኑት የሚያም ከሆነ አይታሽም፤ ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል፣ በእሽት ከተነቃነቀም ሳንባ ይገባል። እንዲህ ያለውን በዚያው ቀን ሆስፒታል እልካለሁ። ሌላውን ቅቤ ይዞ ወደ አጎቴ ልጅ እመልሰዋለሁ።