ስለ ጉበት ሥሮች ሥዕል፤ ከካይሮ የሬሳ ምርመራ እስከ አባያ ዳርቻ

በጋሞ ምድር በአባያ ሐይቅ ዳርቻ በሚኖሩ ሰዎች ዘንድ የአንጀት ቢልሃርዝያ መኖሩ በምርመራ ታውቋል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን ስለ ሐይቁ ሳይሆን በሽታው ስለሚጎዳው ስለ ጉበት ነው፤ ይኸውም ሐኪሞች ጉዳቱን በሕያው ሰው ውስጥ ለማየት የደረሱበትን መንገድ ለማስረዳት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉበት ከሚያገኘው ደም ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል የሚያመጣለት ከአንጀትና ከጣፊያ የሚነሣ ወፍራም ሥር ነው። የቢልሃርዝያ ትሎች በአንጀት ሥሮች ውስጥ ስለሚኖሩ፣ እንቁላላቸው ከፊሉ በዚሁ መንገድ ወደ ጉበት ተወስዶ በቅርንጫፎቹ ጫፍ ይወሸቃል፤ ሰውነትም በጠባሳ ይከበዋል። በ1904 ሲመርስ የተባለ ሐኪም በካይሮ ሬሳ ሲመረምር ይህን ጠባሳ አግኝቶ በጉበት ውስጥ ከተሰካ ነጭ የሸክላ ፒፓ ዘንግ ጋር አመሳሰለው።

ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው፣ ጠባሳው የሚያጠበው ሥሩን እንጂ የጉበቱን ሥጋ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ የጉበት ሥራ ለብዙ ጊዜ ሳይጓደል ይቆያል፤ የደም ምርመራም ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል። በዚህ መካከል ጣፊያው ያብጣል፤ በምግብ መውረጃው ላይ ያሉት ሥሮች ይወጠራሉ፤ አንድ ቀን ሲፈነዱም በሽተኛው ደም ይተፋል። ጉዳቱን ቀድሞ ማየት የሚያስፈልገው ከዚህ የተነሣ ነው።

በ1957 ፈረንሳዊው ሐኪም ክሎድ ኩዊኖ በሬሳ ጉበት ሥሮች ውስጥ ፕላስቲክ ጨምሮ ሥጋውን ካሟሟ በኋላ የቀረውን የሥር ዛፍ አጠና፤ ጉበትንም እንደ ሥሮቹ አካሄድ በስምንት ክፍል ከፈለው። ሲመርስ ያየው ጠባሳ የሚከበውም ይህንኑ ዛፍ ነው። ሁለቱም ግን ሊያዩት የቻሉት ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነበር።

ደቡብ አፍሪካዊው አለን ኮርማክ በኬፕ ታውን በሆስፒታል ሲሠራ ያሰበውን ስሌት በ1963ና በ1964 አሳተመ፤ ያን ጊዜ ልብ ያለው ጥቂት ነበር። (በዚያው በ1964 ነበር አክሊሉ ለማ በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጦች ሞተው ያገኘው።) እንግሊዛዊው ሃውንስፊልድ ከኮርማክ ተለይቶ የሠራው የሲቲ መሣሪያ በ1971 የመጀመሪያውን በሽተኛ አነሣ፤ ሁለቱም በ1979 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ያ መሣሪያ ግን የአንጎል ነበር። አንዱን ሥዕል ለማንሣት ደቂቃዎች ይፈጅ ስለ ነበር፣ ከትንፋሽ ጋር ከፍ ዝቅ ለሚለው ጉበት አይመችም ነበር። በ1989 ገደማ እየተሽከረከረ የሚያነሣው ሲቲ በመጣ ጊዜ ግን ጉበትን በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ማንሣት ተቻለ። አዮዲን ያለበት ፈሳሽ በክንድ ሥር ይሰጣል፤ ከ70 ሴኮንድ ያህል በኋላ የጉበት ሥሮች ይደምቃሉ፤ ኮምፒዩተሩም ቅጥልጥሉን ሥዕል ደርቦ ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት ያለው ዛፍ ያወጣል። ኩዊኖ በፕላስቲክ ያገኘው ይኸውና ከሕያው ሰው ተገኘ። በቢልሃርዝያ በተጎዳ ጉበትም በሥሮቹ ዙሪያ ያለው ጠባሳ እንደ ቀለበት ሆኖ ሊታይ ይችላል።

በእኔ አስተያየት ግን ለአባያ ዳርቻ ሕዝብ ምርመራ ሲቲ የመጀመሪያው መሣሪያ አይደለም። ዋጋው ውድ ነው፤ ጨረርም አለበት። ይህንኑ ጠባሳ አልትራሳውንድ ያለ ጨረር ያሳያል፤ መሣሪያውም ወደ መንደር ሊወሰድ ይችላል። በ1996 በኒጀር ዋና ከተማ በኒያሜ የተሰበሰቡ ሊቃውንትም ለቢልሃርዝያ ጉበት የአልትራሳውንድ መመዘኛ አሰናድተዋል። ሲቲ የሚፈለገው ቀዶ ሐኪሙ ቢላዋውን ከማንሣቱ በፊት፣ የትኛው ሥር በየት በኩል እንደሚያልፍ ማወቅ ሲያስፈልገው ነው።