የአመክንዮ ጥያቄዎች ልምምድ ለውድድር ፈተና

የአመክንዮ ጥያቄ ተፈታኙ በፊቱ ከቀረበለት መረጃ ብቻ ተነሥቶ የግድ የሚከተለውን፣ ሊከተል ከሚችለውና ፈጽሞ ከማይከተለው እንዲለይ የሚያስገድድ የፈተና ጥያቄ ነው። የታሪክ ወይም የፊዚክስ ዕውቀት አይጠይቅም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ዕውቀት ራሱ እንቅፋት ይሆናል። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ፣ ለሕግ ትምህርት ቤት፣ ለመንግሥት ሥራና ለባንክ ቅጥር በሚሰጡ ፈተናዎች ውስጥ በብዙ አገር ይገኛል።

በኢትዮጵያ ተማሪው በስፋት የሚያውቀው «አፕቲቲዩድ» በሚለው ስም ነው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የተፈጥሮ ሳይንስም የማኅበራዊ ሳይንስም ተማሪዎች በጋራ ይወስዱታል፤ የቃላትና የንባብ፣ የቁጥርና የአመክንዮ ጥያቄዎች ተቀላቅለውበት ይቀርባል። ለውጤት እንደ ሒሳብ ቢቆጠርም በትምህርት ቤቱ ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ ውስጥ እንደ ሒሳብ የራሱ ሰዓትና መምህር የለውም። «ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ» የተባለው ኮርስ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ለገባ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ መሆኑ ደግሞ ነገሩን የባሰ ያስገርማል፦ መግቢያው ላይ የተጠየቀውን ትምህርት ተማሪው የሚያገኘው ከገባ በኋላ ነው። በመካከል ያለውን ክፍተት የሚሞሉት የቀድሞ ፈተናዎች፣ ወርክሺቶችና የማጠናከሪያ ትምህርት ናቸው።

አመጣጥ

የጥያቄዎቹ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን አርስቶትል የቀመረው ሲሎጂዝም ነው፤ ይኸውም ከሁለት መንደርደሪያዎች አንድ ድምዳሜ የሚወጣበት የክርክር ቅርጽ ነው። ዛሬ ተማሪው በወረቀት ጠርዝ የሚስላቸው ክቦች ደግሞ ከስዊሱ የሒሳብ ሊቅ ከሊዮንሃርድ ኦይለርና ከእንግሊዛዊው ከጆን ቬን የወረሳቸው ናቸው። የቬን ሥዕላዊ መግለጫ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ውድድር ፈተና ገብተው የተንሰራፉት በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና፣ ኤልሳት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1948 ነበር። ለድኅረ ምረቃ የሚሰጠው ጂአርኢ በ1977 የትንተና ክፍል ጨመረ። የዚህ ክፍል ታሪክ ስለ ልምምድ ብዙ ይናገራል። በውስጡ ከነበሩት የጥያቄ ዓይነቶች ሁለቱ በአጭር ልምምድ ውጤታቸው በቀላሉ የሚያሻቅብ ሆነው በመገኘታቸው አዘጋጆቹ በ1981 አስወጧቸው። በ2002 ክፍሉ ራሱ ቀርቶ በጽሑፍ ፈተና ተተካ። የአንድን ጥያቄ ዓይነት አቋራጭ መንገድ ብቻ ያጠና ሰው ጥያቄው በተቀየረ ዕለት ባዶ እጁን ይቀራል፤ ፈታኞቹም ይህን ያውቃሉ።

ሁሉም፣ አንዳንድ፣ ምንም

የሲሎጂዝም ጥያቄ ሲታይ ቀላል ነው። «ሁሉም ቡና ላኪዎች ግብር ከፋዮች ናቸው። አንዳንድ ግብር ከፋዮች የአዳማ ነዋሪዎች ናቸው። ስለዚህ አንዳንድ ቡና ላኪዎች የአዳማ ነዋሪዎች ናቸው።» አዳማ የሚኖር ቡና ላኪ የሚያውቅ አንባቢ ድምዳሜውን ያለ ጥርጥር ይቀበላል። ቃላቱን ብቻ እንቀይር፦ ሁሉም ላሞች እንስሳት ናቸው፤ አንዳንድ እንስሳት አንበሶች ናቸው፤ ስለዚህ አንዳንድ ላሞች አንበሶች ናቸው። ቅርጹ አንድ ነው፤ መንደርደሪያዎቹም እውነት ናቸው፤ ድምዳሜው ግን ፈረሰ። የተጠራጠሩትን ክርክር በዚህ መንገድ የታወቀ ነገር እያለበሱ መፈተሽ ክብ ከመሳል የሚፈጥንበት ጊዜ ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ተፈታኙን የሚያስተው የገዛ እምነቱ ነው። ኢቫንስ፣ ባርስተንና ፖላርድ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1983 ባወጡት ጥናት፣ ከመንደርደሪያው የማይከተል ነገር ግን ለጆሮ የሚታመን ድምዳሜ 71 በመቶ ጊዜ ተቀባይነት ሲያገኝ፣ በትክክል የሚከተል ነገር ግን ለማመን የሚያስቸግር ድምዳሜ ያገኘው 56 በመቶ ብቻ ነበር። ስሕተቱ ከእውነተኛው በልጦ ተመረጠ ማለት ነው። ፈተና አዘጋጆችም ከአራቱ ምርጫዎች አንዱን ሆን ብለው እንዲህ ያለ «እውነት የሚመስል» ያደርጉታል።

«ከሆነ» ያለባቸው ዓረፍተ ነገሮች

ሁለተኛው ትልቅ ቤተሰብ የሁኔታ ዓረፍተ ነገር ነው። የፈተና ጣቢያ በር ላይ «መታወቂያ ያልያዘ አይገባም» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል እንበል። አንድ ተማሪ መታወቂያ ይዟል። ይገባል ማለት ነው? ማስታወቂያው ይህን አላለም፤ ተማሪው አርፍዶ ሊሆን ይችላል፣ ስሙም ከዝርዝሩ ላይኖር ይችላል። በአንጻሩ ወደ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ተማሪ ካየንና ደንቡ ከተከበረ መታወቂያ መያዙ የተረጋገጠ ነው። ዓረፍተ ነገሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያስኬዳል፤ ወደ ኋላ ሲመለሱ ደግሞ ሁለቱንም ወገን አሉታ አድርጎ መገልበጥ ግዴታ ነው። የዚህ ክፍል ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት አቅጣጫውን ከመዘንጋት ነው።

ይህ ለሰው አእምሮ የቱን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳየው እንግሊዛዊው ፒተር ዋሰን በ1966 ያቀረበው የአራት ካርዶች ፈተና ነው። እያንዳንዱ ካርድ በአንድ ፊቱ ፊደል፣ በሌላው ቁጥር አለው። በጠረጴዛው ላይ «ኤ»፣ «ዲ»፣ «4» እና «7» ይታያሉ። ደንቡ «በአንዱ ፊት አናባቢ ካለ በሌላው ፊት ተጋማሽ ቁጥር አለ» የሚል ነው፤ መጠበቁን ለማረጋገጥ የትኞቹን መገልበጥ ያስፈልጋል? ብዙ ሰው «ኤ»ን እና «4»ን ይመርጣል። ትክክለኛው መልስ «ኤ» እና «7» ነው፤ ከ«4» ጀርባ ምንም ቢገኝ ደንቡን አያፈርስምና። በዋሰን ሙከራዎች በትክክል የመለሱት ከአሥር አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ግሪግስና ኮክስ በ1982 ያንኑ ጥያቄ ወደ መጠጥ ቤት ወሰዱት፦ ቢራ የሚጠጣ ሰው ከ19 ዓመት በላይ መሆን አለበት፤ ካርዶቹ ቢራ፣ ኮካ፣ 22 ዓመት፣ 16 ዓመት። አሁን ሦስት አራተኛ ያህሉ ቢራውንና የ16 ዓመቱን ልጅ መረጡ። ከዚህ ለተፈታኙ የሚተርፈው ምክር ግልጽ ነው፤ የፊደልና የቁጥር ጥያቄ ሲገጥመው ደንብ አስከባሪ ሆኖ «ማን ሊያጭበረብር ይችላል?» ብሎ ቢጠይቅ ይቀናዋል።

የአቀማመጥ ጥያቄ

አምስት ሰዎች ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 5 በተቆጠሩ ወንበሮች ተቀምጠዋል። አለሙ ከጫልቱ ጎን አይደለም። ኤልያስ ከብርቱካን በስተቀኝ ተያይዞ ተቀምጧል። ብርቱካን ዳር አልተቀመጠችም። ጫልቱ መካከል ላይ ናት። አምስተኛው ሰው ደስታ ነው። ማን የት ነው?

ጀማሪ ጥያቄውን ከላይ ወደ ታች በተጻፈበት ቅደም ተከተል ይሠራና በአለሙ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የለመደ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በማይነቃነቀው መረጃ ላይ ነው፦ ጫልቱ ወንበር 3። ብርቱካን ዳር ስላልሆነች 2 ወይም 4 ላይ ናት። 2 ላይ ብትሆን ኤልያስ የጫልቱን ወንበር ሊይዝ ነው፤ አይሆንም። ስለዚህ ብርቱካን 4፣ ኤልያስ 5። የቀሩት 1 እና 2 ናቸው፤ አለሙ ከጫልቱ ጎን ስለማይሆን 1 ላይ፣ ደስታ 2 ላይ ይቀመጣል። አምስት ሳጥን ስሎ መሙላት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ይህን ሁሉ በጭንቅላቴ እይዛለሁ የሚል ተፈታኝ ግን ጊዜውን ያቃጥላል።

ሳይነገር የታለፈ

የመጨረሻው ዓይነት አጭር ክርክር አቅርቦ የተደገፈበትን ድብቅ እሳቤ ይጠይቃል። ከተማው የመንገድ መብራት ተከለ፤ ለፖሊስ የሚቀርበው የስርቆት አቤቱታ ቀነሰ፤ ስለዚህ መብራቱ ስርቆትን ቀንሷል። ክርክሩ አቤቱታ ሲቀንስ ስርቆት ቀንሷል የሚል እሳቤ በሆዱ ይዟል። እሳቤውን አሉታ አድርጎ መሞከር ነው፦ አቤቱታው የቀነሰው ፖሊስ ጣቢያው ርቆ ስለተዛወረ ቢሆንስ? ድምዳሜው ያን ጊዜ ከተንገዳገደ የተፈለገው እሳቤ ተገኝቷል። ከሁሉም ዓይነት በፈተና ክፍል በር የማይቀረው፣ ጋዜጣ ሲያነቡና ስብሰባ ሲቀመጡ የሚያገለግለው ይኸኛው ነው።

ልምምዱ

በብዛት የሚታየው አለማመድ አንድን ዓይነት ጥያቄ በተርታ ሃምሳ ጊዜ መሥራት ነው። በዕለቱ ደስ ያሰኛል፤ እጅ ይፈታል። ሮረርና ቴይለር በ2007 ባወጡት የሒሳብ ጥናት ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ በተርታ የሠሩት ተማሪዎች በልምምዱ ወቅት 89 በመቶ አግኝተው፣ ቀላቅለው የሠሩት 60 በመቶ ብቻ አገኙ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን የተርታዎቹ ውጤት ወደ 20 በመቶ ሲያሽቆለቁል የቀላቃዮቹ 63 በመቶ ሆነ። ፈተና ላይ የሚከብደው ጥያቄው የየትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየቱ ነውና፣ ይህን የሚያለማምደው መቀላቀል ነው።

ሰዓት መያዝ ያለበት ዘዴው ከገባ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያለ ሰዓት ይሠራል፤ ጥርጣሬ ያለባቸው ምልክት ይደረግባቸዋል፤ መልሱ ሳይታይ ደግሞ ይሞከራሉ። መልሱ ከታየ በኋላ «ለካ ሐ ነበር» ብሎ ማለፍ ጥቅም የለውም። ሀ፣ ለ እና መ ለምን እንደወደቁ በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ያሰለቻል፤ ጠቃሚው ሥራ ግን ያ ነው። እንዲህ የተያዘ ደብተር ተማሪውን ደጋግሞ የሚጥለው ችግር ምን እንደሆነ ያሳየዋል። ፈተናው በእንግሊዝኛ ለሚቀርብለት የኢትዮጵያ ተማሪ ችግሩ ብዙ ጊዜ «አንለስ»፣ «ኦንሊ ኢፍ» ወይም በጥያቄው ግርጌ የተሸጎጠው «ኤክሴፕት» ሆኖ ይገኛል፤ በአማርኛ ቢጠየቅ ሳይደናቀፍ የሚመልሰውን ይስታል።

ግምትን በተመለከተ ስሌቱ በፈተናው ደንብ ይወሰናል። ለስሕተት ነጥብ በማይቀነስበት ፈተና ባዶ መተው ኪሳራ ነው። በሕንድ የመንግሥት ሠራተኞች ቅጥር ፈተና ለእያንዳንዱ ስሕተት የጥያቄው ነጥብ ሲሶ ይቀነሳል፤ ከአራት ምርጫ በጭፍን የሚገምት ሰው በረጅም ጊዜ ትርፉም ኪሳራውም ዜሮ ነው። አንዱን ምርጫ በእርግጠኝነት ከጣለ ግን ግምቱ ወደ ትርፍ ያጋድላል።

ውዝግብ

ይኸው የሕንድ ፈተና በ2011 ሲሳት የተባለ የአመክንዮና የንባብ ወረቀት ጨመረ፦ 80 ጥያቄ በሁለት ሰዓት። በ2014 በሂንዲ የተማሩ ዕጩዎች ወረቀቱ ለመሐንዲሶችና በእንግሊዝኛ ለተማሩ ያደላል ብለው ዴልሂ ላይ ሰልፍ ወጡ። ከ2015 ወዲህ 33 በመቶ ማምጣት ብቻ የሚያስፈልግበት ማለፊያ ሆኖ ለደረጃ መቆጠሩ ቀረ። በአሜሪካ ደግሞ የኤልሳት «ሎጂክ ጌምስ»፣ ከላይ እንደታየው ሳጥን እየሣሉ የሚፈቱት የአቀማመጥ ጥያቄዎች፣ ሥዕል መሣል ለማይችል ተፈታኝ ፍትሐዊ አይደሉም ብሎ ማየት የተሳነው ተፈታኝ በ2011 ክስ መሠረተ። ጉዳዩ በ2019 በስምምነት ተቋጨ፤ ከነሐሴ 2024 ጀምሮም ክፍሉ ከፈተናው ወጣ። በቦታው ሁለተኛ የክርክር ትንተና ክፍል ገብቷል።