መታቀፍ የረሳችው ዶሮ

እናቴ ልትጠይቀኝ አሜሪካ በመጣች በሦስተኛው ቀን ጓሮ ወጥታ አራቱን ቀያይ ዶሮዎቼን ቆማ ታያቸው ጀመር። አራቱ በሳምንት ከሃያ በላይ እንቁላል እንደሚጥሉ በስልክ ስነግራት አላመነችኝም ነበር፤ ሳጥኑ ውስጥ በዐይኗ አይታ አመነች። ከዚያ፣ «የትኛዋ ናት የምትታቀፈው?» ስትል ጠየቀችኝ።

«አንዳቸውም አይታቀፉም።»

«በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ?»

«አንድ ጊዜም።»

ጥቂት ዝም አለችና፣ «ታዲያ ሲያልቁ ምን ልታደርግ ነው?» አለች። ሌላ እገዛለሁ አልኳት። ይህን መልስ ከዚያ በፊት ለብዙ ሰው ሰጥቼዋለሁ፤ እሷ ፊት ስናገረው ግን ለራሴው ጆሮ እንግዳ ሆነብኝ።

ጓሮ ያለው ቤት ያገኘ ሐበሻ አንድ ቀን ዶሮ ማርባት ያምረዋል። ስንጀምር የምንጠያየቀው ስለ ቆጡ ስፋት፣ ስለ መኖ ዋጋና ስለ ከተማው ሕግ ነው። የእናቴ ጥያቄ ከእነዚህ ሁሉ ይቀድም ነበር። ሳልጠይቀው የቀረሁት ደግሞ ጥያቄው ራሱ ከመቶ ዓመት በፊት ከጓሮ እንዲወጣ ስለተደረገ ነው።

እኛ አገር የዶሮ እርባታ የሚጀመረው በአንዲት ቄብ ነው። አክስት ትሰጣለች፤ ወይም አቅም ያለው ጎረቤት ለርቢ ያስይዝና ያሳደገው ሰውና ባለቤቱ ጫጩቱን ይካፈላሉ። ቄቧ ደርሳ መጣል ትጀምራለች። አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት እንቁላል ያህል እንደጣለች አንድ ቀን ከጎጆዋ አልነሣም ትላለች። ላባዋን ትነፋለች፣ ድምፅዋ ይለወጣል፣ የቀረባትን እጅ በመንቆሯ ትወጋለች። ያኔ ጨለም ያለ ጥግ ላይ ጭድ የተነጠፈበት ቅርጫት ወይም አፉ የተሰበረ እንስራ ይዘጋጅላታል፤ እንቁላል እየተመረጠ ይሰጣታል። የደረቷ ላባ ይሳሳና ሙቀቷ በቀጥታ እንቁላሉ ላይ ያርፋል። 21 ቀን ሙሉ በቀን አንዴ ጥሬ ለቅማ ውሃ ለመጠጣት ካልሆነ አትነሣም። ከፈለፈለችም በኋላ ጫጩቶቿን እየመራች፣ ከጭልፊት እየተከላከለች ሳምንታት ትቆያለች።

ይህ ሁሉ ዋጋ አለው። ዶሮ እንድትታቀፍ የሚያደርጋት ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ነው፤ እሱ ሲጨምር እንቁላል መጣል ይቆማል። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ30 እስከ 60 እንቁላል ብቻ የምትጥልበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው፤ የዓመቷን ብዙ ክፍል የምታሳልፈው በእናትነት ነው። ባለቤቷም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ጫጩት ስትፈልግ ታስታቅፋታለች። ለገበያ እንቁላል ስትፈልግ ደግሞ ዶሮዋን ጎረቤት ቤት ወስዳ ለሁለት ሦስት ቀን ታሳድራታለች፣ ጎጆዋን ታፈርስባታለች፣ አንዳንዴም እግሯን አስራ ዘቅዝቃ ታንጠለጥላታለች። (አሜሪካዊት ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ፤ እሷም ግን ዶሮ በጠባብ የሽቦ ሣጥን ዘግቶ እቅፍን የማስተው ዘዴ ከመጽሐፍ አንብባ ነግራኛለች።) ማስታቀፍም ማስተውም በአንዲት ሴት እጅ ያሉ ሁለት ውሳኔዎች ነበሩ ማለት ነው።

ውሳኔው ከጥንት የመጣ ነው። በትግራይ ምሥራቃዊ ክፍል መዝብር በሚባለው ቅድመ አክሱም ሰፈራ ከተቆፈሩት የዶሮ አጥንቶች መካከል ከ2,700 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ተገኝቷል። በአፍሪካ ምድር ዕድሜያቸው በቀጥታ ተለክቶ ከታወቁት የዶሮ አጥንቶች ቀዳሚ ከሚባሉት ነው። የዶሮ ዘር መነሻ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ያለው የዱር ቀይ ዶሮ በመሆኑ፣ ያቺ ዶሮ በቀይ ባሕር በኩል የመጣ ንግድ ምስክር ናት። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዘመናት ማንም የመፈልፈያ ማሽን ሳያመጣላት ዘሯ በየቤቱ ጥግ እየታቀፈ እኛ ዘንድ ደረሰ።

እንቁላሉን ከእናቱ የመለየት ሐሳብ የተጀመረው ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ በግብፅ ነው። አርስቶትል ግብፃውያን እንቁላል በፍግ ቀብረው እንደሚያስፈለፍሉ ጽፏል። በኋላ ዘመን ይህ ሥራ ከጭቃ ጡብ የተሠሩ ትልልቅ ምድጃዎች ያሉት ሙያ ሆነ። ባለሙያዎቹ ቴርሞሜትር አልነበራቸውም፤ እንቁላሉን አንሥተው የዐይናቸው ቆብ ላይ በማስጠጋት ሙቀቱን ይለኩ ነበር። አንድ ምድጃ በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ እንቁላል ይይዛል። የግብፅ ፋዮሚ ዶሮ እስከ ዛሬ ለመታቀፍ የምትሰንፍ መሆኗን አርቢዎች ያውቃሉ። ይህን ከምድጃዎቹ ጋር ማያያዝ ግምት ነው፤ ለእኔ ግን ደህና ግምት ነው። ለዘመናት ያላስፈለገ ጠባይ ቢዳከም ምን ይገርማል?

ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኦሚር በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብፆቹን ጥበብ አጥንቶ በፍግ ሙቀትና በቴርሞሜትር ፓሪስ ውስጥ ለመድገም ሞክሮ በ1749 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መጽሐፍ አሳትሞበታል። ነገሩ ገበያ ላይ የዋለው ግን አሜሪካ ውስጥ ነው። ላይመን ባይስ የሚባል ሰው በ1879 ካሊፎርኒያ፣ ፔታሉማ ከተማ ውስጥ ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር መፈልፈያ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሠራ። ትንሿ ከተማ ባጭር ጊዜ የነጭ ሌግሆርን ዶሮ አገር ሆነች፤ ራሷንም የዓለም የእንቁላል ቅርጫት ብላ ጠራች። ለዶሮ ብቻ መድኃኒት የሚሸጥ ፋርማሲ እስከ መክፈት ደርሳ ነበር። ማሽኑ መታቀፍን ከዶሮዋ ወሰደ፤ አርቢዎቹ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ሳትታቀፍ ዓመቱን ሙሉ የምትጥለዋን ብቻ እየመረጡ አራቡ። ከመቶ ዓመት ለበለጠ ጊዜ በዚህ መልክ የተመረጠች ሌግሆርን ዛሬ በዓመት ከ250 በላይ እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሏ ላይ ግን አትቀመጥም።

አሁን ፖስታ ቤት ወደ ታሪኩ ይገባል። ጫጩት ከቅርፊቱ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ ይስበዋል፤ ስለዚህ ያለ ምግብና ውሃ ሦስት ቀን ያህል መቆየት ይችላል። ተፈጥሮ ይህን ያደረገችው እናቲቱ የዘገዩት እስኪፈለፈሉ መጠበቅ እንድትችል ነበር። ሰው ግን ሦስቱ ቀናት ለባቡር ጉዞ እንደሚበቁ አየ። በ1892 ከኒው ጀርሲ ወደ ቺካጎ የአንድ ቀን ጫጩት ተላከ፤ ከ1918 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ጫጩት በሣጥን መቀበል ጀመረ። የእኔም አራቱ ቀያይ በዚሁ መንገድ ነው የመጡት፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ከፖስታ ቤቱ ባንኮኒ ጀርባ ሲጮኽ ሰምቼ ነው የተቀበልኳቸው።

በዚያው ሰሞን፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ፣ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሕዝቡ በየጓሮው ዶሮ እንዲያረባ በፖስተር ይቀሰቅስ ነበር፤ ለቤተሰቡ እንቁላል በነፍስ ወከፍ ሁለት ዶሮ ይበቃል ይል ነበር። ዛሬ ስንት ዶሮ እንደተፈቀደልን ለማወቅ የከተማ ደንብ የምናገላብጥ ሰዎች ይህ ግር ይለናል። ሲያትል ለምሳሌ በ2010 ከሦስት ወደ ስምንት ዶሮ ስትፈቅድ፣ በዚያው ደንብ አዲስ አውራ ዶሮ ማምጣትን ከልክላለች። አውራ ከሌለ ለም እንቁላል የለም። ስለዚህ ዶሮዋ መታቀፍ ብታውቅ እንኳ ሕጉ አይፈቅድላትም።

ከጓሮ ወደ ፋብሪካ የተደረገው ሽግግር ደግሞ የአንዲት የቤት እመቤት ታሪክ አለው። ሴሲል ስቲል በ1923 ዴላዌር ውስጥ ለቤቷ እንቁላል 50 ጫጩት አዘዘች፤ ፈልፋዩ ተሳስቶ 500 ላከላት። አልመለሰቻቸውም። አሳድጋ ለሥጋ ሸጠቻቸውና ጥሩ አተረፈች፤ በ1926 ለ10,000 ዶሮ የሚበቃ ቤት አሠርታ ነበር። በዚያን ጊዜ ቫይታሚን ዲ ታውቆ ስለነበር ዶሮ ፀሐይ ሳያይ ቤት ውስጥ ተዘግቶ ማደግ ቻለ። የሥጋ ዶሮ ኢንዱስትሪ ልደት የሚቆጠረው ከዚያች ስሕተት ነው።

የሌግሆርን ዘር እኛ አገር የደረሰው በ1950ዎቹ ነው። በኦክላሆማ የግብርና ኮሌጅ እገዛ በተቋቋሙት የዓለማያና የጅማ ትምህርት ቤቶች በኩል ሌግሆርን፣ ሮድ አይላንድ ሬድና ሌሎችም ገቡ። ከዚያ በኋላ በተለያዩ መንግሥታት ለም እንቁላል፣ ቄብና አውራ ዶሮ ለገበሬ ሲታደል ኖረ። ዓላማው ቀና ነበር። ገበያው ግን የራሱ ዐይን ነበረው፤ የበዓል ዶሮ ገዢ ቀይ፣ ገብስማ ወይም ወሰራ ይላል፤ አናቱ ላይ ያለው ሥጋ ነጠላ ይሁን ድርብ ይመለከታል። ነጭና ነጠላ የሆነው የፈረንጅ አውራ በዚህ ሚዛን ይወድቃል። ሴቲቱ ዶሮ ደግሞ አትታቀፍም፤ ከጭልፊትና ከሸለምጥማጥ መሸሽም አታውቅበትም። ከሞተች በኋላ የምትተካው ከመሥሪያ ቤት በሚመጣ ሌላ ዶሮ ነው። መኪናው ካልመጣ እርባታው ያበቃል።

አሁንማ መኪናው ብዙ ጊዜ ይመጣል። የ45 ቀን ጫጩት በየገጠሩ ይሸጣል፤ ለብዙ ቤት እንቁላል አብልቷል፤ ይህን የሚንቅ የልጅ ረኃብ ያላየ ሰው ነው። የሐበሻዋ ዶሮም ብትሆን ግማሽ ጫጩቶቿን ለጭልፊትና ለበሽታ ስትገብር ኖራለች፤ ፈንግል የገባበት መንደር በሳምንት ውስጥ ዶሮ አልባ ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ፈረንጇ መምጣቷ አይደለም። የመንደሩ አውራ ሁሉ ተለውጦ የምትታቀፈዋ ዶሮ ብትጠፋ፣ ከወረርሽኝ በኋላ በአንዲት ቄብ እንደገና መጀመር የሚባለው ነገር አብሮ መጥፋቱ ነው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ከ2008 ጀምሮ የወለጋን ሆሮ ዶሮ ከዚያው ከራሷ ዘር እየመረጠ ለማሻሻል መሥራቱን ከፈረንጅ ዶሮ እደላ አስበልጬ የማየው ለዚህ ነው፤ ዝግ ያለ ሥራ ነው፣ ፖስተርም አይወጣለትም።

የተረሳው ጠባይ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ዳርዊን ስለ ቤት እንስሳትና ዕፅዋት መለዋወጥ በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ የሚያስደንቅ ነገር መዝግቧል፤ መታቀፍን የተዉ ሁለት የተለያዩ የዶሮ ዘሮች ሲዳቀሉ ልጆቻቸው አያቶቻቸው የረሱትን መታቀፍ መልሰው ያገኙበት ጊዜ አለ።

እናቴ ከተመለሰች በኋላ አንዲት ኮቺን ገዛሁ። ኮቺን በ1840ዎቹ ከቻይና ወደ እንግሊዝ የገባች፣ እግሯ ድረስ ላባ የለበሰች፣ ከመጣልም መታቀፍ የሚቀላት ዘር ናት። በፀደይ ባዶ ጎጆ ላይ ተቀምጣ አልነሣም አለች። አውራ ስለሌለኝ ከከተማ ውጭ ካለ ገበሬ ስድስት ለም እንቁላል ገዝቼ ማታ ከሥሯ አስገባሁላት፤ እናቴ በስልክ እንዳዘዘችኝ፣ ሳላበራ፣ ሳልናገር። ሁለቱ ግም ሆኑ። አራቱ በ21ኛው ቀን ወጡ። ሦስቱ ቄብ ናቸው፤ አራተኛው አይደለም። ለገበሬው ልመልሰው ቀን ቆርጬ ሳለ አንድ ማለዳ ከእናቴ ጋር በስልክ እያወራን ገና ባልጠና ድምፅ ጮኸ።

እናቴ ወሬዋን አቋረጠች። «እዚያ ስንት ሰዓት ሆነ?» አለችኝ።