የታሪክ ማስታወሻ፦ አጥር ያፈረሰው ዋረን ጄምስ

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን ስለ ደን ነው፤ ስለ መንግሥት ደን። መንግሥት በእጁ ያለውን ደን ልሽጥ ሲል ሕዝብ ምን ይላል? ደኑ የመንግሥት ነው ማለትስ ለሕዝብ ክፍት ነው ማለት ነው? ለዚህ ወደ እንግሊዝ አገር እንሻገራለን። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዝና ደን ሲባል መቼም አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ሮቢን ሁድ ነው፤ ሼርዉድ ደን ውስጥ መሽጎ የንጉሡን አጋዘን የሚያድነው፣ ከሀብታም ነጥቆ ለድሃ የሚሰጠው ቀስተኛ። ሁለተኛው ተማሪ ቤት የሸመደድነው ማግና ካርታ ነው፤ 1215፣ ንጉሥ ጆን፣ የሕዝብ መብት። ሁለቱንም ላርማቸው ነው፤ ደስ እያለኝ ነው የማርማቸው።

ሮቢን ሁድ እገሌ የተባለ ሰው ነው ተብሎ በሰነድ የተረጋገጠለት ሰው አይደለም። የግጥምና የተረት ጀግና ነው። ማግና ካርታም በአመዛኙ የባላባቶችና የንጉሡ ጉዳይ ነው። ዐሳማ አርቢውን፣ ማር ቆራጩን፣ ደን ዳር የሚኖረውን ሰው በቅርብ የነካው ሌላ ሰነድ ነው፤ የደን ቻርተር ይባላል፤ የወጣውም ኖቬምበር 6 ቀን 1217 ነው። እሱንም ቢሆን ንጉሥ ጆን ነው የሰጠው የሚሉ አሉ። አልሰጠም! ጆን የሞተው በ1216 ነው። ደግሜ ልበለው፤ ቻርተሩ ሲወጣ ጆን ከሞተ ዓመት አልፎታል። ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው የ10 ዓመት ልጅ፣ ሄንሪ 3ኛ ነበር። ገና የራሱ ማኅተም ስላልነበረው ሰነዱን ያተሙት እንደራሴው ዊልያም ማርሻልና የሮማው ሊቀ ጳጳስ መልእክተኛ ጓላ ናቸው።

ምን አለ ቻርተሩ? ከእንግዲህ የንጉሥን አጋዘን ገደለ ተብሎ ማንም ነፍሱን ወይም አካሉን አያጣም አለ። ነጻ ሰው በገዛ ደኑ ያገኘውን ማር መውሰድ ይችላል አለ። ማር! የነገሥታት ሰነድ ወርዶ ስለ ማር ሲደነግግ፣ ደንን ከሚያውቅ ሰው ብዕር እንደወጣ ያስታውቃል። እርግጥ ነው፣ «ነጻ ሰው» ሲል ገባሩን አይጨምርም፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ቢሆንም ሕጉ እስከ 1971 ድረስ ከነሕይወቱ ቆይቷል።

ከዚያ 600 ዓመት እንዝለል። ነገሥታት መጡ፣ ነገሥታት ሄዱ፤ ደኑ እየሳሳ መጣ። ይብቃን። እኔ ልነግራችሁ የምጓጓው ስለ አንድ ሰው ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

በምዕራብ እንግሊዝ፣ በሴቨርንና በዋይ ወንዞች መካከል፣ የዲን ደን የሚባል አገር አለ። አገር ያልኩት አውቄ ነው። ከምድሩ በላይ ዛፍ፣ ከምድሩ በታች ድንጋይ ከሰልና ብረት። የዘውዱ ደን ነው፣ የመንግሥት ማለት ነው። ሕዝቡ ግን ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምሮ በጎቹን በደኑ ውስጥ እንደ ልቡ ያሰማራል። በዚያ አውራጃ ተወልዶ፣ በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን የሠራ ወንድ ደግሞ የራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ ከሰል የማውጣት መብት ነበረው። ነጻ ቆፋሪ ይባላል። ዋረን ጄምስ በ1792 የተወለደው እንዲህ ባለው ሕዝብ መካከል ነው፤ እሱም ነጻ ቆፋሪ ነበር።

ዘመኑ የናፖሊዮን ጦርነት ዘመን ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከብ ይፈልጋል፤ መርከብ የሚሠራው ደግሞ ከኦክ ዛፍ ነው። ስመ ጥሩው አድሚራል ኔልሰን ራሱ ዲንን አይቶ፣ ደኑ ተጎድቷል፣ አንድ ነገር ይደረግ ሲል ለመንግሥት ጽፎ ነበር። በ1808 ፓርላማው ሕግ አወጣ፦ ከዲን ደን 11,000 ኤከር ይከለል፣ ኦክ ይተከልበት። በእኛ ልክ 110 ጋሻ ገደማ መሆኑ ነው። በ1816 አጥሩ አለቀ። ችግኙ ከከብት አፍ እስኪያመልጥ ድረስ በግ አይገባም፣ ከብት አይገባም፣ ሰው አይገባም ተባለ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አጥሩን ያጠረው ማን ነው? ደኑን የገዛ ባለጸጋ ነው? አይደለም። የውጭ ኩባንያ ነው? አይደለም። መንግሥት ነው። የመንግሥት ደን፣ የመንግሥት አጥር። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሰዉ ታገሠ። በጉ ሣር አጣ፤ ማገዶ ጠፋ፤ ከውጭ የመጡ ባለገንዘቦች ትልልቅ ጉድጓድ እየከፈቱ ነጻ ቆፋሪውን ቀን ሠራተኛ አደረጉት። 15 ዓመት አለፈ። ዛፎቹ አደጉ፤ አጥሩ ግን እንደቆመ ነው። ለምን አይከፈትም? ቢሉ መልስ የለም። አቤት አሉ፤ አቤቱታው የትም አልደረሰም።

ጁን 5 ቀን 1831 ዋረን ጄምስ ጥሪ አወጣ። የዲን ሰዎች ረቡዕ ጁን 8 መሣሪያችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ ደኑን እንከፍታለን አለ። ልብ በሉ፤ በስውር ሌሊት አልመጣም። ቀን ቆርጦ፣ አስቀድሞ አሳውቆ ነው። የደኑ ሹም ኤድዋርድ ማሽን 50 ያህል ባዶ እጃቸውን የሆኑ ሠራተኞች ይዞ ሊያስቆማቸው ወጣ። ሰዎቹ መጥረቢያና መቆፈሪያ ይዘው መጡ። ማሽን ምን ያድርግ? ተመልሶ ወታደር ላኩልኝ አለ። ዓርብ ዕለት ከመንመዝ ከተማ 50 ወታደሮች መሣሪያ ሳይዙ መጡ፤ አጥር አፍራሹ በዚያን ጊዜ 2,000 ያህል ደርሷል። ወታደሮቹ አዩና ወደ ሰፈራቸው ተመለሱ። ቅዳሜ ማታ ሲሆን 15 ዓመት የቆመው አጥር አብዛኛው መሬት ላይ ነበር፤ በጎቹም ገብተዋል።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ላርም። ዋረን ጄምስን ደን ጨፍጫፊ፣ ወሮበላ ያሉት በዘመኑ ብዙ ናቸው፤ ዛሬም ይህን የሚደግም አይጠፋም። ሰውዬው የመጣው በአጥሩ ላይ ነው። በአጥሩ! በዛፉ ላይ አይደለም። የሚኖረው በደኑ ነው፤ ደኑን ቢያጠፋ ራሱስ የት ይገባ ነበር?

በቀጣዮቹ ቀናት እስከ አፍንጫው የታጠቀ ፈረሰኛ መጣ፤ ተከትሎም 180 እግረኛ ወታደር። ሕዝቡ ወደየቤቱ ተበተነ። ዋረን ጄምስ ተያዘ፣ ተፈረደበት፤ ሞት። ተሰቅሎ ሞተ የሚሉ አሉ፤ አልተሰቀለም። ፍርዱ ወደ ግዞት ተለወጠለትና በዚያው ዓመት በመርከብ የዓለም ጫፍ ወደሆነችው፣ ዛሬ ታዝማኒያ ወደምንላት ደሴት ተላከ። ከአምስት ዓመት በኋላ ምሕረት መጣለት። ምሕረቱ መጣ፤ እሱ ግን ዲንን ዳግመኛ አላየም። በ1841 በዚያው ሞተ።

አጥሩ ተመልሶ ታጠረ። ለመርከብ የተተከሉት ዛፎች ለመቆረጥ ሲደርሱ ግን ባሕር ኃይሉ ወደ ብረት መርከብ ዞሯል። በ1838 ደግሞ የነጻ ቆፋሪዎቹ መብት በፓርላማ ሕግ ጸደቀ። ሰውዬው ገና በዚያች ሩቅ ደሴት ሳለ!

[አጭር ሙዚቃ]

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበለው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1919፣ እንግሊዝ የደን ኮሚሽን አቋቋመች፤ ዲን በ1924 ወደ ኮሚሽኑ ተላለፈ። በ1981 የመንግሥት ደን እንዲሸጥ የሚፈቅድ ሕግ ሲወጣ የዲን ሰዎች ጮኹና ደናቸው ከሽያጩ በስም ወጣላቸው። በ2010 ግን መንግሥት ይህንን ከለላ የሚያነሳ ረቂቅ ይዞ መጣ። ያን ጊዜ በእንግሊዝ የመንግሥት ደን 258,000 ሄክታር ነበር። ከፊሉ ይሸጥ፣ ከፊሉ በ150 ዓመት ሊዝ ይሰጥ፣ ታሪካዊዎቹ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይተላለፉ የሚል ነበር ሐሳቡ።

እንግሊዝ ውስጥ ያን ጊዜ ሁለት ነገር ሲወራ ነበር፤ ሁለቱም መታረም አለባቸው። አንደኛው፣ ደኑ ከተሸጠ በማግስቱ ይጨፈጨፋል የሚለው ነው። በእንግሊዝ ሕግ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ ብዙ ዛፍ ለመቁረጥ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው የሻጮቹ ወሬ ነው፤ ባለቤት ቢለወጥም ማንም ደጅ አይቀርም ይሉ ነበር። በ2000 በወጣው ሕግ ኮሚሽኑ አብዛኛውን ደኑን ለእግረኛ ለዘለቄታው ክፍት አድርጎ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ለእግረኛ ግን! ብስክሌት የሚነዳው፣ ፈረስ የሚጋልበው፣ መኪናውን አቁሞ አቅመ ደካማ እናቱን ደግፎ የሚያስገባው በዚያ ዋስትና ውስጥ የለም። አዲሱ ባለቤት መኪና ማቆሚያውን ከቆለፈ መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል። ለእኔ ይህ ከመጨፍጨፍ ወሬው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ዝም ብሎ የሚመጣ መዘጋት ነውና።

ሽያጩን ያስቀረው በኢንተርኔት የተሰበሰበው ግማሽ ሚሊዮን ፊርማ ነው ይባላል። ፊርማው ረድቷል። ነገር ግን «እጃችሁን ከደናችን አንሱ» የሚል ስም የያዘው የዲን ሰዎች ስብስብ ጃንዋሪ 3 ቀን 2011 ሦስት ሺህ ያህል ሰው አደባባይ ሲያወጣ፣ መንግሥት የሽያጭ ሐሳቡን ለሕዝብ አስተያየት ገና አላቀረበም ነበር። ያቀረበው ጃንዋሪ 27 ነው። ዲን ቀደመ! የተሰበሰቡትም ስፒች ሃውስ በተባለው ቦታ ነው፤ የደኑ ችሎት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚሰየምበት ስፍራ። ፌብሩዋሪ 17 ሚኒስትሯ ካሮላይን ስፔልማን ፓርላማ ቆመው ይቅርታ ጠየቁ፤ እቅዱም ተሰረዘ።

እመለስበታለሁ ያልኳችሁን አልረሳሁም። በ1831 የፈረሰውን አጥር ያጠረው መንግሥት ነው፤ በ2011 ሊሸጥ የተነሳውም መንግሥት ነው። ደኑ የመንግሥት መሆኑ ብቻውን በሩን ክፍት አላደረገም። ሁለቱንም ጊዜ በሩ ይከፈት ብሎ የተነሳው በደኑ የሚኖረው፣ ልማዱን ያልተወው ሰው ነው። በመንግሥት እጅ ይቆይ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴም ይህ ነው፦ ሚኒስትር ተጠያቂ ስለሆነ የዲን ሰው ሚኒስትሯን ይቅርታ አስጠየቀ። የ150 ዓመት ሊዝ የያዘ ኩባንያን ግን ማን አደባባይ ያቆመዋል?

እቅዱ ከተሰረዘ በኋላ በሊቨርፑሉ ጳጳስ ጄምስ ጆንስ የተመራው ገለልተኛ ጉባኤ በ2012 ደኑ የሕዝብ ሆኖ ይቆይ ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ በጃንዋሪ 2013 መንግሥት ተቀበለው።

አድማጮቻችን፣ በየአካባቢያችሁ የአባቶች የደን አጠባበቅ ሥርዓት ካለ፣ ማን ይገባል፣ መቼ ይገባል፣ ማንስ ይዳኛል የሚለውን የሚያውቁ አዛውንቶች ሳያልፉ ጠይቃችሁ ጻፉልን። በዚሁ ዝግጅት እናነበዋለን።