ቄስ ጊዳዳ ሶለን

ቄስ ጊዳዳ ሶለን (1901–1977) በወለጋ፣ በደምቢ ዶሎ ያገለገሉ ዐይነ ስውር ሰባኪና መጋቢ ነበሩ። ከአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ሥራ የበቀለችው የቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ቄሶች አንዱ ናቸው። ብዙ ሰው ስማቸውን የሚያውቀው በልጃቸው፣ በቀድሞው የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት በዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በኩል ነው። የአባትየው ታሪክ ግን በራሱ የሚቆም ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጊዳዳ ዐይናቸውን ያጡት በአምስት ዓመታቸው ነው። ምክንያቱ ፈንጣጣ ነበር። በዚያ ዘመን ፈንጣጣ አንድ ቤት ከገባ ልጆችን ይገድላል፤ የተረፉትንም ፊታቸውን ያበላሻል ወይም ዐይናቸውን ያጠፋል። በሽታው ከኢትዮጵያ ጨርሶ የጠፋው በ1976፣ ቄሱ ከማረፋቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ማሳ ለማይጠብቅ፣ ከብት ለማያግድ ልጅ በገበሬ አገር የሚተርፈው ሥራ ጥቂት ነበርና ጊዳዳም የልጅነት ዘመናቸውን እጃቸውን ለምጽዋት ዘርግተው አሳለፉ።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አገሪቱን የመታው ወረርሽኝ፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የኅዳር በሽታ» የሚለው፣ ለወለጋ ያልታሰበ በር ከፈተ። የአካባቢው ገዥ ሐኪም ፈለጉ። በሱዳን፣ በናስር ጣቢያ ይሠሩ የነበሩት አሜሪካዊው ፕሬስቢቴሪያን ሐኪም ቶማስ ላምቢ በ1919 በጋምቤላ በኩል ወደ ደጋው ወጥተው ደምቢ ዶሎ ገቡ። ላምቢ ብዙም ሳይቆዩ ወደ አዲስ አበባ አቀኑ፤ በራስ ተፈሪ ፈቃድም በጉለሌ ሆስፒታል አቋቋሙ። ሕንጻው ኋላ ላይ የፓስተር ኢንስቲትዩት መቀመጫ ሆነ። በደምቢ ዶሎ የቀረው የሚሲዮን ጣቢያ ግን ክሊኒኩንም ትምህርቱንም ስብከቱንም ቀጠለ። ወጣቱ ለማኝ ጊዳዳ የወንጌሉን ቃል የሰሙት እዚህ ነው።

የጠፋውን ዐይናቸውን ሐኪሞቹ ሊመልሱላቸው አልቻሉም። ጊዳዳ ግን ጆሮና ልብ ነበራቸው፤ የሚነበብላቸውን እየሰሙ በቃላቸው ይዙ ጀመር። ይህን እንደ ጉድለት መቁጠር ስህተት ይመስላል። አብዛኛው ሰው ማንበብና መጻፍ በማይችልበት፣ ሕግና ታሪክ፣ ምርቃትና እርግማን ሁሉ በአፍ በሚተላለፍበት አገር፣ ቃሉን በልቡ ይዞ በኦሮምኛ የሚናገር ሰው መጽሐፍ ከያዘ እንግዳ ይልቅ ይሰማል። ዐይናማው መጽሐፉን ሲገልጥ፣ እሳቸው ከልባቸው ይናገሩ ነበር።

ስለ ፕሬስቢቴሪያን ሥርዐት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ስሙ የመጣው «ሽማግሌ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ጳጳስ የላትም፤ አጥቢያውን የሚመሩት ምእመናኑ የመረጧቸው ሽማግሌዎች ከመጋቢው ጋር ሆነው ነው። የሚገርመው፣ «ቄስ» የምንለው ቃል ራሱ ሥሩ ሲመዘዝ በሱርስጥ «ሽማግሌ» ማለት ነው። ክርክርን በጃርሳ፣ ማለትም በአገር ሽማግሌ፣ ፊት መፍታት ለኖረበት የወለጋ ኦሮሞ፣ በሽማግሌ ሸንጎ የምትመራ ቤተ ክርስቲያን ባዳ አልነበረችም። ቤቴል በዚያ ምድር ቶሎ ሥር የሰደደችበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የጣልያን ወረራ ይህን ሁሉ ፈተነ። ሚሲዮናውያኑ አካባቢውን ለቀው ሲወጡ፣ ገንዘቡም መድኃኒቱም የውጭ አገር መምህሩም አብሮ ሄደ። ምእመናኑ በቁጥር ጥቂት፣ በዕድሜም ወጣት ነበሩ። ማጥመቅና ቁርባን ማቀበል የሚችል፣ እጅ የተጫነበት አገልጋይ የግድ አስፈለገ፤ ጊዳዳ ሶለንና ሌላው የአገሬው አገልጋይ ማሞ ጮርቃ በዚያ ጭንቅ ዘመን ለቅስና በቁ። ከነጻነት በኋላ የተመለሱት ሚሲዮናውያን ያገኙት የተበተነ መንጋ ሳይሆን፣ በራሱ ሰዎች እየተመራ የበዛ ጉባኤ ነው። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ውስጥ የወላይታም ጉባኤ በዚያው ወረራ ዘመን ያለ ሚሲዮናውያን ማደጉ ይታወቃል። የቤቴል ታሪክ ያን ያህል አልተነገረለትም፤ ሊነገርለት ግን ይገባል።

በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች አዋጅ የውጭ ሚሲዮኖች የት መሥራት እንደሚችሉ ወሰነ፤ የማስተማሪያ ቋንቋቸውም አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። ቤቴል ግን በአገሬው ቄሶችና ሽማግሌዎች የምትመራ ቤተ ክርስቲያን ሆና ተደራጀች። በደምቢ ዶሎ የተከፈተው የቤቴል ወንጌላዊት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ብዙ የተማሩ ሰዎችን አፈራ። በ1974 ቤቴል ከኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። በሉተራዊ ሥርዐት በ1959 የተመሠረተችው መካነ ኢየሱስ የፕሬስቢቴሪያኖችን፣ ማለትም የካልቪንን ትውፊት የያዘችውን ቤቴልን መቀበሏ፣ በሌላው ዓለም ለዘመናት ተለያይተው የኖሩ ሁለት ወገኖችን በአንድ ጣሪያ ሥር አገናኘ።

ቄስ ጊዳዳ የሕይወት ታሪካቸውን በቃል ተርከው ሌሎች ጻፉላቸው፤ መጽሐፉ በ1972 በእንግሊዝኛ ታተመ። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የጨለማው ማዶ» እንደ ማለት ነው። ሲያርፉ ደርግ ሥልጣን ከያዘ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። በዚያው በ1977፣ በባሮ ወንዝ ዳር ከአኙዋክ ሕዝብ ጋር ለብዙ ዓመታት የኖሩት ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናዊ ዶን ማክሉር በጎዴ በጥይት ተገደሉ። ከዚያ በኋላ በወለጋ ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ የመካነ ኢየሱሱ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በ1979 ተገደሉ።

ልጃቸው ነጋሶ በ1943 ደምቢ ዶሎ ተወልደው፣ ከ1995 እስከ 2001 የአገሪቱ ርእሰ ብሔር ሆኑ። ከዚያ በፊት ግን የታሪክ ተመራማሪ ነበሩ፤ በ1984 በጀርመን፣ በፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት የሰዮ ኦሮሞን፣ ማለትም የአባታቸውን አገር ሰዎች ታሪክ የሚመለከት ነው። ጥናቱ ከ1730 ገደማ ይጀምርና በ1886፣ ጊዳዳ ከመወለዳቸው 15 ዓመት አስቀድሞ ያቆማል።